በብርሃን መጻፍ፦ ጭጋጉ አልለቅ ያለኝ የሠርግ ቪዲዮ ፕሮግራም

ከሐይቅ ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ፒያሳ አጠገብ ከወንድሜ ጋር የምንሠራበት አነስተኛ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለን። ሥራችን በአብዛኛው ሠርግ፣ ምርቃትና ልደት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሽራ፣ ሰው በጨለማ ውስጥ በእጅ ባትሪ ልብ የሣለበትን ፎቶ በስልኩ አሳየኝና «ይህንን በቪዲዮ፣ እንግዳው እያየ መሥራት ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌ ቀደመኝና «ይቻላል» አልኩት። ሠርጉ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

የታሰበው እንዲህ ነው። የአዳራሹ መብራት ይቀነሳል፤ ሙሽሮቹ ባለቀለም መብራት ይዘው በአየር ላይ ይጽፋሉ፤ የጻፉት እጃቸው ካለፈ በኋላም በፕሮጀክተሩ ላይ ይቆያል። ፎቶ አይደለም። እየተንቀሳቀሱና እየሳቁ፣ ጽሑፉም አብሯቸው እየታየ የሚቀረጽ ቪዲዮ ነው።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና ምስል በሚያቀናብረው የኮድ ስብስብ በኦፕን ሲቪ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ምስሉ የሚጠራቀምበት አንድ ቋት አለ፤ ከዌብ ካሜራው አዲስ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ምስል፣ በመጣ ቁጥር እያንዳንዱ ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) በቋቱ ውስጥ ካለው ጋር ይነጻጸርና የደመቀው ይቀመጣል። የቆየው ዱካ ቀስ እያለ እንዲጠፋ ደግሞ በየፍሬሙ ቋቱን በ0.97 አባዛዋለሁ። ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ስሞክረው ግን ዱካው ይደበዝዝ ይደበዝዝና አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ አይጠፋም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ በሙሉ የማለዳ ጭጋግ የወረደበት ሐይቅ መሰለ። እጄን ፈጠን ሳደርግ መስመሩ ተቆራርጦ እንደ ዶቃ ነጠብጣብ ይሆናል። ቀይ መብራት ይዤ የጻፍኩት ደግሞ መሐሉ ነጭ፣ ዳሩ ብቻ ቀላ ያለ ነው። ጽሑፉ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ መምጣቱን እንኳ ራሴ አስተካክለዋለሁ።

ሙሽራውን አሳፍሬ ቤቴን ከመዝጋቴ በፊት የሚያውቅ ይርዳኝ።


ሦስት እግር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ ለምን ትደክማለህ? ይህ በካሜራው ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣ ነገር ነው። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ካሜራ ላይ «ላይቭ ኮምፖዚት» የሚባል አሠራር አለው፤ ብርሃኑ ሲጨመር በጀርባው ስክሪን ላይ እያየህ ትሥላለህ። በብርሃን የመሳል አማራጭ ያላቸው ስልኮችም አሉ። ተከራይና ተገላገል።


ከሐይቅ ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡12

ያ ግን በመጨረሻ የሚሰጠኝ አንድ ፎቶ ነው። ሙሽራዋ ስትዞር ቀሚሷ የሚታይበት፣ ጽሑፉ ደግሞ ከጀርባዋ ቆሞ የሚጠብቅበት ቪዲዮ ነው የተጠየቅኩት።


ግማሽ ሌሊት
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡30

ጭጋጉን ካሜራው አላመጣውም። ያመጣው ማጠጋጋት ነው።

ቋትህ የተቀመጠው በስምንት ቢት ይመስለኛል፤ ማለትም እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ባለ ሙሉ ቁጥር። እስቲ 16ን በ0.97 አባዛው፤ 15.52 ይመጣል። ኦፕን ሲቪ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ሲያጠጋጋው መልሶ 16 ይሆናል። በሚቀጥለው ፍሬም እንደገና 16፣ እስከ ዕለተ ምጽአት 16። 17 የነበረው ወደ 16 ይወርድና እዚያው ይታሰራል። ስለዚህ መብራትህ ያለፈበት ቦታ ሁሉ 16 ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ያ ነው ጭጋግህ። «ቀስ ብሎ ይጥፋ» ብለህ ቁጥሩን 0.99 ብታደርገው ደግሞ ይብስብሃል፤ መታሰሪያው 50 አካባቢ ይሆናል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ቋቱን ክፍልፋዩን ሳይጥል በሚይዝ በ32 ቢት የነጥብ ቁጥር ያዘው፤ ወደ ስምንት ቢት የምትመልሰው ለስክሪኑ ስታሳየው ብቻ ይሁን። ለ1280 በ720 ምስል ቋቱ ከ2.8 ሜጋባይት ወደ 11 ቢያድግ ነው፤ ላፕቶፕህ አያውቀውም።

ስለ 0.97 ራሱ ግን ሌላ ጠብ አለኝ። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ ዱካው በ23 ፍሬም ውስጥ በግማሽ ይደበዝዛል፤ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስሙን ለመጻፍ አሥር ሰከንድ የሚፈጅበት ሙሽራ ሦስተኛው ፊደል ላይ ሳይደርስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል። እኔ ብሆን በሚጽፉበት ጊዜ ምንም አላደበዝዝም። አንድ ቁልፍ መድብ፤ ጽፈው ሲጨርሱ፣ ጭብጨባው ሲጀመር ትጫነዋለህ፤ ከዚያ በ0.95 ቀልጦ ይሄዳል።


ከሐይቅ ዳር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሥራ ሳልከፍት ሞከርኩት፤ ጭጋጉ ጠፋ። ሁለት ሌሊት ሙሉ የካሜራውን ሌንስ በጨርቅ ስወለውል ነበር፤ ለማንም እንዳትነግሩብኝ።

ዶቃው ግን እንዳለ ነው።


የድሮ ፊልም
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ልጄ፣ እኔ ኮድ አላውቅም። ሸተር፣ ያ የካሜራውን ዓይን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ግን አውቃለሁ። ካሜራ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 33 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይህ ማለት ግን 33ቱን ሙሉ ዓይኑን ገልጦ ያያል ማለት አይደለም። ሸተሩ በመቶኛ ሰከንድ ላይ ከሆነ 10 ሚሊ ሰከንድ አይቶ 23ቱን ይተኛል። እጅህ በሰከንድ ሁለት ሜትር ቢሄድ ሁለት ሳንቲ ሜትር መስመር፣ ከዚያ አራት ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ባዶ፤ እንደገና ሁለት፣ እንደገና ባዶ። ዶቃህ ይኸው ነው። ካሜራው ራሱን በራሱ እንዳያስተካክል ከልክለህ ሸተሩን እስከ ፍሬሙ ሙሉ ጊዜ ድረስ አስረዝመው። ብርሃኑ ከበዛብህ «ጌይን» የሚሉትን፣ ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን የሚያጎላበትን፣ ቀንስ፤ ሸተሩን አትንካ።

ይህ ጨዋታ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ጆን ሚሊ የተባለው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1949 ደቡብ ፈረንሳይ ሄዶ ፒካሶን በጨለማ ክፍል ውስጥ አቁሞ በትንሽ መብራት በአየር ላይ አሥሎታል። ሸተሩ ክፍት ሆኖ ይቆይና ፍላሽ ሲበራ ሰውየው ራሱ ከነዓይኑ ይቀረጻል። እኛም በፊልም ዘመን ከጓደኛዬ ጋር ታቦር ተራራ ላይ ወጥተን በእጅ ባትሪ ሞክረነው ነበር። ከአንድ ጥቅል ፊልም ውስጥ ሁለት ፎቶ ዳነ። ምን እንደጻፍን የምናየው ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው፤ እናንተ ግን እየጻፋችሁ ታያላችሁ፤ አሁንም ታማርራላችሁ!

ነገሩ ከፒካሶም በፊት ነው። በልጅነታችን ከምድጃ ጫፉ የጋመ እንጨት አውጥተን በጨለማ ስናሽከረክር ቀይ ቀለበት ይታየን አልነበረም? እናቴ «በእሳት የሚጫወት ሌሊት ይሸናል» እያለች ነበር የምታስጥለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልም የደመቀውን አይመርጥም፤ የመጣለትን ብርሃን ሁሉ ይደምራል። ሁለት ጊዜ ያለፍክበት መስመር ሁለት እጥፍ ይደምቃል። ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ለምን አትደምሩም?


ግማሽ ሌሊት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ፣ የሸተሩ ነገር ልክ ነዎት፤ እጅ ነሥቻለሁ። በመደመሩ ግን አልስማማም። በርካሽ ዌብ ካሜራ ጨለማ ጨለማ አይደለም፤ በጥቁሩ ግድግዳ ላይ እንኳ 3 ያህል ብርሃን ያነብባል። ያንን በየፍሬሙ ብንደምረው በ85 ፍሬም 255 ይሞላል። ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አዳራሹ በስክሪኑ ላይ ነጭ ሉክ ይሆናል። የደመቀውን ስንመርጥ ግን 3 ምንጊዜም 3 ነው።

ከሐይቅ ዳር፣ ሸተሩን በኮድ ለማዘዝ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዊንዶውስ የምትሰጠው ቁጥር ሰከንድ ሳይሆን የሁለት ርቢ ነው፤ ኔጌቲቭ 5 ብትል አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ሰከንድ ማለት ነው። በሊኑክስ ደግሞ በአሥር ሺህኛ ሰከንድ ይቆጠራል፤ 400 ብትል 40 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። መጀመሪያ አውቶማቲኩን ካላጠፋኸው ሁለቱንም አይሰማህም።


ሽቦና ምሰሶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ፤ 40 ሚሊ ሰከንድ ስትሉ ጆሮዬ ቆመ። ያዙት፤ ምርጡ ቁጥር እሱ ነው። የእኛ አገር መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የአዳራሽ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ አንዱ እርግብግቢት 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሸተሩ 40 ከሆነ በእያንዳንዱ ፍሬም ውስጥ በትክክል አራት እርግብግቢት ይገባል፤ ምስሉ ይረጋል። 33 ከሆነ ሦስት ከሦስተኛ እጅ ይገባና ከጀርባ ያለው ግድግዳ ሲደምቅና ሲደበዝዝ ታያለህ። ስለዚህ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር 40። ክፍተትም የለም፣ እርግብግቢትም የለም።

የምትይዙትን መብራት ደግሞ ፈትሹ። ድምቀቱ የሚቀነስ የባጃጅ ማስጌጫ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ቶሎ ቶሎ በመጥፋትና በመብራት ነው። ሸተሩን የቱንም ያህል ብታስረዝሙት እሱ በራሱ ነጠብጣብ ይሠራል። በቀጥታ ከባትሪ ድንጋይ የሚበራ፣ ማደብዘዣ የሌለው ይሁን።


ከሐይቅ ዳር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

40 አድርጌው መስመሩ እንደ ክር ተያያዘ። ነገር ግን ምስሉ ይንቀረፈፋል። በሰከንድ 25 ሳይሆን 10 ፍሬም ብቻ ነው የሚመጣው። ላፕቶፑ አረጀ ማለት ነው?


ግማሽ ሌሊት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡55

ላፕቶፑን ተወው፤ ሽቦው ነው። ካሜራው ምስሉን ሳይጨምቅ እየላከ ነው። 1280 በ720 ፒክስል፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት፣ በሰከንድ 30 ጊዜ ብትለው 55 ሜጋባይት ይሆናል። ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ እንኳ የሚሸከመው 60 ነው፤ በተግባር ያን አይደርስም። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለካሜራው «ኤምጄፔግ ላክ» ብለህ እዘዘው፤ እያንዳንዱን ፍሬም እንደ ፎቶ ጨምቆ ይልክልሃል። ትእዛዙን የምስሉን ስፋት ከመወሰንህ በፊት ስጠው፤ አንዳንዱ ካሜራ ቅደም ተከተል ይወዳል።

ፍሬም የሚቀበለውን ክፍልም ለብቻው አድርገው፤ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ፍሬም ብቻ ይያዝ፣ ያረጀውን ይጣል። አለበለዚያ ፍሬሞቹ እንደ ዳቦ ሰልፍ ይደረደሩና ሙሽራው እጁን ካነሣ በኋላ ነው ስክሪኑ የሚከተለው። ሰው የሚጽፈው ስክሪኑን እያየ ስለሆነ መዘግየቱ ሲበዛ ፊደሉ ይንጋደዳል።


ፊደል ገበታ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

እኔ መምህርት ነኝ፤ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አስተምራለሁ። ነገራችሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነብ ቆይቼ አሁን አላስችል አለኝ።

ከልጆቹ ጋር ይህንኑ እሠራለሁ፤ በቀጥታ ሳይሆን ከተቀረጸ በኋላ። የክፍሉን መስኮት በጨርቅ እንሸፍንና አንድ ልጅ በባትሪ ፊደል ይጽፋል፤ እኔ በስልኬ እቀርጻለሁ። ማታ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ «ላግፈን» በሚሉት ማጣሪያ አሳልፈዋለሁ። እሱም እንደ እናንተ ቋት ነው፤ የደመቀው ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋል፤ ማደብዘዣው ካልተነካ 0.95 ነው። በማግሥቱ ልጆቹ የራሳቸውን እጅ ብርሃን ሲያዩ የሚያሰሙት ጩኸት ከደጅ ይሰማል።

እዚህ የመጣሁት ግን ስለ መደመሩ ክርክር ነው። የተነሣው ስለ ግድግዳው ብቻ ነው፤ ስለ ፊደላችን ማንም አላሰበም። ሀ አንድ ጊዜ እጅ ሳይነሣ ይጻፋል፤ ከላይ ወርደህ፣ ዞረህ፣ ትወጣለህ። ዐ ክብ ነው፤ በም ቀላል ነው። ሐ ግን ሦስት እግር አለው። በአየር ላይ እጅህን ሳታነሣ ስትጽፈው መካከለኛውን እግር ትወርድና በዚያው መስመር ተመልሰህ መውጣት አለብህ። ሠም እንዲሁ ነው። ብንደምር ኖሮ የተመለስንባቸው እግሮች ሁለት እጥፍ ደምቀው ፊደሉ አንካሳ ይመስል ነበር። የደመቀውን የሚመርጠው አሠራር ግን መመለሳችንን አያውቅብንም። ጋሼ የድሮ ፊልም ይቅር ይበሉኝና፣ መደመር ለፒካሶ ይሁን፤ ለሐመሩ ሐ አይሆንም።

እንደ ተ ላሉ መስቀለኛ ፊደላት ደግሞ መብራቱን በመዳፍ መሸፈን መልመድ ያስፈልጋል። ልጆቹ በሁለት ቀን ተክነውበታል፤ ሙሽሮቹን እንጃ።


የድሮ ፊልም
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

ተረታሁ። እውነት ነው፣ ፒካሶ ሐ ጽፎ አያውቅም።


ሦስት እግር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡52

እንግዲያው የከተማችንን ስም ለሚጽፍ ሰው ሐዋሳ ወይስ ሀዋሳ የሚለው ክርክር ዛሬ ተፈታ። በብርሃን ሲሆን በሃሌታው ሀ፣ ሳውም በእሳቱ ሰ!


ከሐይቅ ዳር
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 5፡10

ዛሬ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጥተን ሙሉውን ሞከርን። ላፕቶፑ በባትሪ፣ ወንድሜ እንደ ሙሽራ፣ የአጎታችን ልጅ እንደ ሙሽሪት፤ ነጭ ቀሚስ አልብሰናታል። አላፊ አግዳሚው በሙሉ ተሰብስቦ ነበር።

ፍሬሙ 25 ሞላ። መስመሩ ያምራል። ሦስት ነገር ግን ታዘብኩ። የመጀመሪያው ትንኝ ነው። መብራቱን አይቶ የመጣው ትንኝ ሁሉ የራሱን ቀጭን ዱካ ጽፎ ሄደ፤ ሥዕሉ የሸረሪት ድር ሆነ። በአዳራሽ ውስጥ ይህ አይገጥመኝም ብዬ ተውኩት። ከጀርባ ያለፈ ባጃጅም ቀይ መስመር ስቦብን አልፏል።

ሁለተኛው የቀለሙ ነገር ነው። ወንድሜ አረንጓዴ፣ ልጅቱ ቀይ ይዘው ነበር፤ ሁለቱ መስመሮች በተሻገሩበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ወጣ። ማንም ቢጫ መብራት አልያዘም! የተሰበሰበው ሰው «ሰንደቅ ዓላማ!» እያለ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ግራ ገባኝ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። የመንገዱ መብራት በቀሚሱ ላይ ሲያርፍ ቀሚሱ ራሱ ዱካ መተው ጀመረ። ልጅቱ ሁለት እርምጃ ስትራመድ ሦስት ልጅ ሆነች፤ ነጭ መንፈስ ተከትሏት ይሄዳል። ሙሽራዋን እንደዚህ አድርጌ ባሳይ አማቶቿ ጠበል የሚወስዷት ይመስለኛል።


ግማሽ ሌሊት
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 6፡40

ቢጫው ስህተት አይደለም። ፕሮግራምህ ቀይን፣ አረንጓዴን፣ ሰማያዊን ለየብቻ ያወዳድራል። ቀዩ መስመር ባለበት ቀይ 255 ነው፤ አረንጓዴው ሲመጣ አረንጓዴም 255 ይሆናል፤ ሁለቱ አብረው ሲበሩ ዓይን የሚያየው ቢጫ ነው። ካልፈለግከው የፒክስሉን አጠቃላይ ድምቀት አወዳድርና አሸናፊውን ከነሦስቱ ቀለሙ ውሰድ። እኔ ግን እተወው ነበር፤ አረንጓዴና ቀይ ተገናኝተው ቢጫ በነፃ የሚወልዱበት አገር ሌላ የት አለ?

መሐሉ ነጭ የመሆኑም ነገር የዚሁ ዘመድ ነው። መብራቱ ሲበረታ ቀይ 255 ላይ ይቆማል፤ ሌሎቹም ተከትለው ይሞላሉ፤ ሦስቱ ከሞሉ ነጭ ነው። ጌይኑን መጨረሻ ድረስ አውርድ። መብራቱንም በሚያሳልፍ ነገር ሸፍነው።

ቀሚሱን በድምቀት ብቻ ልትለየው አትችልም፤ በስፋት ግን ትችላለህ። መብራት በስክሪኑ ላይ ትንሽ ነጥብ ነው፤ ቀሚስ ሰፊ ሜዳ ነው። በየፍሬሙ የደመቁትን ቦታዎች ለየብቻ ቁጠራቸው፤ ከተወሰነ ስፋት በላይ የሆነውን ወደ ቋቱ አታስገባው። ለዕይታ ግን የካሜራውን ቀጥታ ምስል ከቋቱ ጋር አንድ ላይ አሳይ። ያኔ ሙሽራዋ እንደ ሰው ትታያለች፤ ዱካ የሚተወው መብራቷ ብቻ ይሆናል። የጋሼ ፍላሽ ይሠራ የነበረውን ሥራ ይህ ይሠራልሃል።


ሽቦና ምሰሶ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ለመሸፈኛ ባለቀለም የከረሜላ ወረቀት፣ ያ የሚያብረቀርቀው፣ ሁለት ሦስት ድርብ። ከላዩ ነጭ ፌስታል ጠቅልልበት። ብዙ ወጪ የለውም።


ችቦ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡20

የድስት መፈተጊያ ሽቦ በእሳት ለኩሳችሁ ብታሽከረክሩትስ? ፍንጣሪው እንደ ዝናብ ነው፤ በኢንተርኔት አይቻለሁ።


የድሮ ፊልም
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡31

መጋረጃና የጨርቅ ጌጥ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ? ልጄ፣ ያ የጋለ ብረት ነው የሚበተነው። ደጅ ላይ፣ ደረቅ ሣር በሌለበት፣ ውኃ አጠገብህ አድርገህ ካልሆነ አይሞከርም። ሠርግ ላይ ስሙንም አታንሣው።


ከሐይቅ ዳር
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡50 (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ሠርጉ ዛሬ አለፈ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ካሜራውን ከመድረኩ ስድስት ሜትር ላይ አቆምኩ። የስፋቱ ማጣሪያ ሠራ፤ ቀሚሱ አንድም ጊዜ ወደ ቋቱ አልገባም። ለሥርጭቱና ለቀረጻው ኦቢኤስ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀምኩ፤ እሱም ነፃ ነው። ሙሽራው ሲጀምር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ፊደል በኮረኮንች መንገድ ላይ የተጻፈ ይመስላል። ሙሽራዋ ግን ማታ ማታ ስትለማመድ ከርማ ኖሮ መዳፏን እየሸፈነች፣ እየገለጠች፣ አንድም ትርፍ መስመር ሳታስገባ ጽፋ ጨረሰች። ሁለቱ በመጨረሻ አንድ ልብ በጋራ ሣሉ፤ መስመሮቹ በተገናኙበት ቢጫው ወጣ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ጽሑፉ ቀልጦ ሲሄድ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ካሜራ ስለማይቀርጸኝ ችግር የለውም።

አሁን ወደ ጉዱ። የተገለበጠውን ጽሑፍ ራሴ አስተካክላለሁ ብዬ አልነበር? አስተካከልኩት፤ ምስሉን በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። የሙሽሮቹ የብርሃን ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ተነበበ። ከሙሽሮቹ ጀርባ ግን «እንኳን ለጋብቻችሁ አደረሳችሁ» የሚል፣ ስማቸው በወርቃማ ፊደል የተጻፈበት ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። እሱ ቀድሞውኑ ቀጥ ያለ ስለነበር እኔ ስገለብጠው ተገለበጠ። በልምምዱ ጊዜ ጨርቁ አልነበረም፤ በሥራው ሰዓት ደግሞ አዳራሹ ጨለማ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ከሥርዓቱ በኋላ መብራቱ ሲበራ ፕሮግራሙን ማጥፋት ረሳሁ። የሙሽራዋ አጎት ወደ ፕሮጀክተሩ ለረጅም ጊዜ ትኩር ብለው አይተው፣ ወደ እኔ መጥተው፣ በትሕትና «ልጄ፣ ይህ በምን ቋንቋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።


ግማሽ ሌሊት
እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡05

ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ቋቱን ብቻ ገልብጠህ ቀጥታውን ምስል እንዳለ ብትተወውስ እንዳልልህ፣ ጽሑፉ ከእጃቸው ተለይቶ በሌላው ወገን ይወጣል። ለዚህ የኮድ መድኃኒት የለውም።


የድሮ ፊልም
እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡20

አለው እንጂ። ጨርቁን ከካሜራው ዕይታ ውጭ መስቀል።


ፊደል ገበታ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡40

እንኳን ደስ አለህ። አንድ ልመና አለኝ፤ ያንን ላፕቶፕ ይዘህ አንድ ቀን ክፍሌ ብትመጣ ልጆቹ ማታ እስኪሆን ሳይጠብቁ ፊደላቸውን ያዩ ነበር። አርባ ሁለት ናቸው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አጠፋዋለሁ።


ከሐይቅ ዳር
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

መምህርት፣ በደስታ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። መጋረጃውን አንቺ፣ የከረሜላ ወረቀቱን እኔ። ከረሜላውን ግን ልጆቹ አስቀድመው ይብሉት፤ ለሠርጉ ስዘጋጅ ብቻዬን በልቼ ጥርሴን አሞኛል።